አንድ የት ነው?

የሠርግ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስልክ ላነሳ ብሎ መውጣት አደጋ አለው። ካምፓላ፣ ካባላጋላ፣ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ጓሮ ተቀምጠን የእህቴን ልጅ ሠርግ ስንመክር ለሁለት ደቂቃ ወጣ ብዬ ስመለስ ድንኳኑም፣ በጉም፣ መኪናውም፣ ጠጁም ባለቤት አግኝተው ጠበቁኝ። የቀረው ሙዚቃው ነበር። «ምነው እኔ?» ብል «ኪቦርድ አለህ አይደል?» አሉኝ። አለኝማ። ምጣድ ያለው ሁሉ እንጀራ ይጋግራል ማለት ነው?

ባንድ ለመጥራት ገንዘቡ አይበቃም። ገንዘቡን የላኩት አዲስ አበባ ያሉት ወንድም ጋሼ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ግምጃ ቤት ሲሠሩ የኖሩ፣ ለእኔም የሒሳብ ሙያን በኩርኩም ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሲልኩ «እያንዳንዷ ሳንቲም በወረቀት!» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ የሙሽሪት መግቢያ ዜማ በኮምፒውተር ይቀናበር ተባለና በጋባ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ስቱዲዮ ያለው ልጅ አገኙልኝ። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገና ስንተዋወቅ «ሙዜ» አለኝ። እዚህ ሽማግሌን በአክብሮት የሚጠሩበት ነው። አርባ አራት ዓመቴ መሆኑን ልነግረው አልኩና አክብሮቱ እንዳይቀርብኝ ተውኩት።

ቀጠሮውን በጽሑፍ ላከልኝ፦ «ነገ በ2»።

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። የአካባቢው ቋንቋ ሉጋንዳ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ቁጥር ይጀመራል፤ ፈረንጅ ሰባት የሚለው ለሙጋንዳውም «ሳዋ ኤሙ»፣ አንድ ሰዓት ነው። ወደዚህ አገር የመጣሁ ሰሞን ይህን ስሰማ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ «አንድ»ን እዚያው ትቼው በመጣሁበት ቦታ ያገኘሁት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግሩ፣ ያው ሰው አፉን ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞር ሰዓቱም ስድስት ሰዓት አብሮት ይዞራል። የልጁ መልእክት በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ያነበብኩት በአማርኛ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከተዘጋ በር ፊት ተገተርኩ።

ከደረጃው ሥር ሮሌክስ የሚሸጥ ሰው አለ። ሮሌክስ ስል የእጅ ሰዓት እንዳይመስላችሁ፤ በአትክልት የተጠበሰ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ ነው፤ ስሙም ከመጠቅለሉ የመጣ ነው። ካምፓላ ላይ የማይበላው የለም። ሰውየው ወደ ላይ እያመለከተ «አጃ፣ አጃ» ይለኛል። በሉጋንዳ «እየመጣ ነው» ማለት ነው። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ይህን ቃል ስሰማ የአጃ ገንፎ ሊያቀርቡልኝ መስሎኝ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» እል ነበር። አሁን ሰልጥኛለሁ። ዝናቡ ሲወርድ በዣንጥላው ሥር ተጠግቼ፣ አንድ ሮሌክስ ጠዋት፣ አንድ ሮሌክስ እኩለ ቀን በልቼ፣ ልጁ በራሱ አቆጣጠር በሰዓቱ፣ በእኔ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ ቦዳ ቦዳ ከሚሉት የሞተር ብስክሌት ታክሲ ወረደ። «ሙዜ፣ ቀድመህ መጣህ!» ብሎ አደነቀኝ።

የስቱዲዮው ግድግዳ በእንቁላል ትሪ ተለብጧል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ። ትሪው ከሥር ካለው ሮሌክስ ሻጭ እንደሚመጣ ለመገመት ጠቢብ መሆን አያሻም። ሰፈሩ እንቁላሉን ይበላል፣ ልጁ በባዶው ይዘፍናል። እኔም በዚያ ቀን በግድግዳው ላይ የሁለት ሮሌክስ ድርሻ ነበረኝ።

ኪቦርዱ ላይ ተቀምጬ የሠርጉን ዜማ አንድ ጊዜ፣ ከነስህተቱ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩ። በቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየተንጣጣ ስለነበር «ድምፁ ገባብን፣ እንደገና ልጫወት» ብል ልጁ ሳቀ። ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያነጋግረው ሚዲ ድምፅ አይቀዳም። የሚጽፈው ትእዛዝ ብቻ ነው፦ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ መቼ ተነካ፣ በምን ጉልበት፣ መቼ ተለቀቀ። ቁልፉም ጉልበቱም ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር። ይህን ስሰማ ሙዚቃ ቤት ሳይሆን ቢሮዬ የገባሁ መሰለኝ። የሒሳብ መዝገብ ነው እኮ! ገቢ አለ፣ ወጪ አለ፤ ቁልፍ ሲነካ «ተከፈተ» ተብሎ ይመዘገባል፣ ሲለቀቅ «ተዘጋ» ተብሎ። የመዝጊያዋ መስመር ከጠፋች ኖታው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ «በሉ ልሂድ» እያለ በር ላይ አንድ ሰዓት እንደሚቆም እንግዳ።

መሪጌታ የነበሩት አጎቴ ቢሰሙ አይደነቁም ነበር። የድጓው ምልክትም ድምፅ አይደለም። ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ደረት እየተባለ በንባቡ አናት ላይ በደቃቁ የሚሰፍረው፣ ጉሮሮ ምን እንዲያደርግ የሚያዝ ነው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሥርዓት ያስያዙት ነው ይባላል። ብራናውን ጆሮህ ላይ ብትለጥፈው ዝም ነው፤ ዜማው ያለው መሪጌታው ዘንድ ነው። ልዩነቱ፣ አጎቴ ምልክት ስስት አለንጋ ያነሱ ነበር፤ ልጁ ደግሞ አይጥ ያነሳል። የኮምፒውተሩን ማለቴ ነው።

ሚዲ የተወለደው በጥር 1975 ነው፤ በፈረንጅ 1983። የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺ ከጃፓን፣ ዴቭ ስሚዝ ከአሜሪካ ተፎካካሪ ነጋዴዎች ሳሉ መሣሪያዎቻችን አንድ ቋንቋ ይናገሩ ብለው ተስማሙ፤ በዚያ ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ በነበረ የሙዚቃ ዕቃ ትርኢት ላይ የሁለት ኩባንያ ኪቦርዶች በአንድ ገመድ ተገናኝተው ተናገሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለቱም በዚሁ ግራሚ ተሸለሙ። ሁለት የአበሻ እድር ለማዋሐድ ሦስት ዓመት የፈጀብን ሰዎች ይህን ስንሰማ አንገታችንን እንደፋለን።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። የተጫወትኩት ሁሉ በስክሪኑ ላይ ፒያኖ ሮል በሚሉት ገጽ ተዘረጋ። በግራ በኩል ቁልፎቹ ቆመዋል፣ ኖታዎቼ እንደ ትናንሽ ጡቦች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው የመስመር መረብ አለ። አንድም ጡብ መስመሩ ላይ የለም። አንዱ ቀድሟል፣ አንዱ ዘግይቷል፣ አንዱ የጎረቤቱ ቅጥር ውስጥ ገብቷል። በሕይወቴ የነካኋት ስህተት ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም ተስላ ፊቴ ቆመች። ሠርግ ላይ ብጫወተው ማንም አይሰማው፤ እዚህ ግን ይታያል። ሙዚቃን ማየት ጥሩ አይደለም።

ልጁ አልተጨነቀም። ሁሉንም መረጠና አንዲት ቁልፍ ተጫነ። ኳንታይዝ ትባላለች። ጡቦቹ ሁሉ በቅጽበት በየአቅራቢያቸው ወዳለው መስመር ተለጠፉ። ተጫወተው። የሙሽሪት መግቢያ የቀበሌ ሰልፍ ሆኖ አረፈው፤ ያውም አንድ እግሩ የሚያነክስ ሰልፈኛ ያለበት።

ሁለታችንም ደነገጥን። እኔ ግን ምክንያቱን ያወቅኩት እንደ ሙዚቀኛ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው። ማጠጋጋት ነዋ! ችክችካችን አንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል፤ ብር ለሦስት ሰው ሲካፈል እንደማለት፣ ሁለተኛው ኖታ 33 ሳንቲም ላይ፣ ሦስተኛው 67 አካባቢ ይወድቃል። የልጁ መረብ ደግሞ ምቱን ለአራት የከፈለ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው 25፣ 50 እና 75 ብቻ። ስለዚህ 33ቷን ጎትቶ 25 ላይ አስቀመጣት፣ 67ቷን ገፍቶ 75 ላይ። ከአንዷ ስምንት ሳንቲም ሰርቆ ለሌላዋ ስምንት ጨመረላት። ወንድም ጋሼ ይህን ቢያዩ ልጁን ከሥራ ያባርሩት ነበር። መረቡን ለሦስት እንዲከፍል አዘዝነውና ዳንሱ ተመለሰ፤ ማለቴ፣ ግማሹ።

ምክንያቱም ልጁ ከበሮ ሊጨምር ተነስቶ «ሙዜ፣ አንድ የት ነው?» አለኝ።

«አንድማ እዚህ ነው» ብዬ አጨበጨብኩ።

ራሱን ነቀነቀ። «አይደለም። እዚህ ነው» ብሎ እሱም አጨበጨበ። ልክ በእኔና በእኔ መካከል።

እንደገና አስጀመርነው። እኔ በማጨበጭብበት እሱ ዝም ይላል፤ እኔ ዝም ስል እሱ ያጨበጭባል። ለአሥር ደቂቃ ያህል እያንዳንዳችን ሌላውን እየታዘብን፣ እንደ ሁለት አንጥረኛ እየተፈራረቅን ስንመታ ከሥር ያለው ሮሌክስ ሻጭ ሙዚቃው ያለቀ መስሎት ጮኾ አደነቀ። በሰዓት የተስማማን ሕዝቦች በምት ተለያየን።

የልጁ ምክንያት የገባኝ በሳምንቱ ነው፤ ካምዎክያ ያለው የኡጋንዳ ሙዚየም ይዞኝ ሲሄድ። እዚያ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ክፍል አማዲንዳ አለ። በሙዝ ግንድ ላይ የሚረበረቡ አሥራ ሁለት የእንጨት ቁልፎች ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ መሣሪያውን መሐላቸው አድርገው ይመቱታል። የመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሁለተኛው፣ በእነሱ ቃል «ከፋፋዩ»፣ የራሱን ኖታዎች በመጀመሪያው ሰው ኖታዎች ልክ መካከል ይጥላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ዜማ ይመታሉ፤ ሁለቱም ያልመቱት ሦስተኛ ዜማ ደግሞ ከመሐል ይሰማል። ሦስተኛ ሰው መጥቶ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ይዞ ያንን የተደበቀ ዜማ ያወጣዋል። ለከፋፋዩ የራሱ ምት ዋና ነው። አንድ የት ነው ብትለው የት እንደተቀመጥክ ይጠይቅሃል።

በዚያው ክፍል ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ እንቴንጋ ነገረኝ። በቡጋንዳው ንጉሥ በካባካው ቤተ መንግሥት ብቻ የሚመታ፣ ዜማ የሚጫወት የከበሮ ስብስብ ነበር፤ አሥራ አምስት ከበሮ፣ ስድስት መቺ። በግንቦት 1958፣ በፈረንጅ 1966፣ የኡጋንዳው መሪ የኦቦቴ ጦር በኢዲ አሚን እየተመራ ሜንጎ ያለውን ቤተ መንግሥት ሲያጠቃ ካባካው ተሰደዱ፣ መቺዎቹ ተበተኑ። ልጁ የተወለደው ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ግን የሚያወራው እንደ ትናንት ነው፤ እኛ ስለ መቅደላ እንደምናወራው።

ወደ ስቱዲዮ ስንመለስ በምት ተቻችለን፣ አሁን ደግሞ በድምፅ ተጣላን። እኛ አምስት ድምፅ አለን፤ እነሱም አምስት ድምፅ አላቸው። «እንግዲያው ዘመዳሞች ነን!» ብዬ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እየነካሁ ትዝታ የምትመስል ነገር አሰማሁት፤ ኪቦርድ የማይችል ሰው ሁሉ የሚያውቃት ማታለያ ናት። ልጁ በትህትና ሰማኝና «የአያቴን አማዲንዳ እዚህ ላይ ስጫወት ሁልጊዜ ትንሽ ውሸት አለው» አለ። የዚህንም ምክንያት ያገኘሁት በመዝገብ ነው። ሙዚቀኞችም ሳንቲም አላቸው። አንድ ኦክታቭ 1,200 ሳንቲም ነው፤ ፒያኖ ለአሥራ ሁለት ቁልፍ እኩል ያድለዋል፣ ለያንዳንዱ 100። የባጋንዳ አምስት ድምፅ ደግሞ ኦክታቩን ለአምስት እኩል መክፈል ይቀርበዋል፤ 240 በ240። ጥቁሩን ብትነካ ነጩን፣ 240 የሚሰጥህ ቁልፍ የለም፤ 200 ወይ 300። መልስ የለኝም ብሎ ዕቃ የሚጨምር ባለ ሱቅ ነው ፒያኖ።

እኔም ዜማው ውስጥ ልናስገባው ከፈለግነው ማሲንቆ ጋር ያው ጣጣ ነበረብኝ። ማሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ አይዘልም፣ ይንሸራተታል። ለዚህ ሚዲ ፒች ቤንድ የሚባል አለው፤ 16,384 ደረጃ ያለው፣ መካከሉ 8,192። ልጁ እያንዳንዷን መንሸራተት በአይጡ በእጁ ይስላታል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ «ትንሽ ዝቅ… አይ፣ በዛ… አሁን አለቀሰ፣ ተው!» እላለሁ። ለሦስት ሰከንድ ማሲንቆ አርባ ደቂቃ ፈጀን። ልንጨርስ ስንል መብራት ጠፋ። ሴቭ አላደረግንም ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ አዝማሪ በሦስት ሰከንድ ሦስት ሰከንድ እንደሚጫወት አሰብኩና ይህን ለልጁ አልነገርኩትም።

መብራቱን ስንጠብቅ ስለ ሰሜኗ ከተማ ስለ ጉሉ አወራኝ። በሰሜን ኡጋንዳ የአቾሊ ሠርግ ላይ ብዙ ሰው ቆሞ ግማሽ ቅል በብስክሌት ሽቦ እየመታ ይጨፍር ነበር። እዚያ የነበረው ጦርነት ሲረዝም፣ ያን ሁሉ ሰው ማብላት ሲከብድ፣ እነ ኦቲም አልፋና ሊዮ ፓላዬንግ የሠርጉን ጭፈራ ኮምፒውተር ውስጥ ከተቱት። በፈረንጅ 2017 የኦቲም አልፋ ዘፈኖች በካምፓላው ሙዚቃ አሳታሚ በኒዬጌ ኒዬጌ ቴፕስ አልበም ሆነው ወጡና አውሮፓ ተጨፈረባቸው። «ፍሩቲ ሉፕስ ነው የሠሩበት» አለኝ ልጁ፣ የራሱ መንደር ልጅ እንደሚያሞግስ። ፕሮግራሙ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ከተባለ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሱ ግን በክርስትና ስሙ ነው የሚጠራው። እኔም እንዳልበለጥ ስለ ኃይሉ መርጊያ ነገርኩት፦ በፈረንጅ 1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን አንድ ሙሉ ካሴት እንደሠራ፣ ኋላም ለብዙ ዓመት ታክሲ እየነዳ፣ ትንሽ ኪቦርድ መኪናው ውስጥ ይዞ መንገደኛ ሲጠብቅ ይለማመድ እንደነበር። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «በቦዳ ቦዳስ ይቻላል?» አለ።

በመጨረሻ የቀረን የጉልበት ነገር ነበር። ኮምፒውተር ላይ በአይጥ የተተከለ ኖታ ሁሉ እኩል ይጮኻል፤ ጉልበቱን አንድ በአንድ ከፍ ዝቅ ካላደረግክለት ከበሮህ እንደ ተናደደ ጎረቤት በር የሚደበድብ ይሆናል። ልጁ ለእያንዳንዱ ምት ቁጥር ሰጠ፦ 96፣ 41፣ 58። ከዚያ ኳንታይዙን መቶ በመቶ ሳይሆን አርባ በመቶ አደረገው፤ ጡቦቹ ወደ መስመሩ ተጠጉ፣ ግን አልገቡም። ከዚያ ሠላሳ። ከዚያ ሁለታችንም ደክሞን፣ ሁሉንም ሰርዞ መጀመሪያ የተጫወትኩትን፣ ከነጠማማው፣ መልሶ ከፈተው። ሰማነው። «ይሄ ይሻላል» አለ። እኔም ይሻላል አልኩ። ስድስት ቀን ሠርተን ወደ መጀመሪያው ቀን ስምንት ሰዓት ተኩል ተመለስን።

ሠርጉ ላይ ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ከስፒከሩ አጠገብ ቆመ። ሙሽሪት ስትገባ ዜማው ተለቀቀ፤ እህቴና ከጎንደር የመጡት አክስቴ፣ ሌሎችም እናቶች፣ ገና የመጀመሪያው ኖታ ሳያልቅ እልልታቸውን አቀለጡትና ማጨብጨብ ጀመሩ። እኔ ባልኩት ቦታ አይደለም። ልጁ ባለውም አይደለም። ከሌላ ቦታ ነው። ልጁ ዞር ብሎ በዐይኑ ጠየቀኝ፤ ትከሻዬን ሰበቅሁ። ትንሽ ካዳመጠ በኋላ ላፕቶፑን ትቶ በእናቶቹ ጭብጨባ መሐል የራሱን ይጥል ጀመር። አክስቴ ሳያቋርጡ በአገጫቸው እያመለከቱ «ይኼ ልጅ የማን ነው?» አሉኝ። «የሙዚቃው ነው» አልኳቸው። «የእናቱን ነው የምልህ!»

ሒሳቡን በማግስቱ አወራርጄ ለወንድም ጋሼ በስልክ ላክሁ፤ በታዘዝኩት መሠረት እያንዳንዷን ሳንቲም፣ በሽልንግ። ልጁ የሰጠኝን ደረሰኝም ቃል በቃል ተርጉሜ አስገባሁ። በማታው ደወሉ። ድምፃቸው ግምጃ ቤት ያሉ ጊዜ የነበራቸው ድምፅ ነው።

«ተራ ቁጥር ሰባት፣» አሉ፣ «ሮሌክስ ሁለት፣ አምስት ሺህ።»

«አዎ፣ ወንድም ጋሼ። ስጠብቅ የገዛኋት ናት።»

«ስትጠብቅ። እሺ። ተራ ቁጥር ስምንት፣ የጊዜ ማስተካከያ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ።»

«እሱ ለልጁ የተከፈለ ነው። ስድስት ቀን ሠርቶበታል። በመጨረሻ ግን እንደነበረው ይሻላል ብለን ተውነው።»

ብዙ ዝም አሉ። እስክሪብቶ ሲያስቀምጡ ተሰማኝ።

«በእህትህ ልጅ የሠርግ ገንዘብ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «የተበላሸ ሰዓት፣ ያውም ሁለት፣ ገዝተህ፣ በዋጋው ሠላሳ እጥፍ አስጠግነህ፣ አሁንም አይሠራም ነው የምትለኝ?»